ያገለገለ ካሜራ ለቤተሰብ ፎቶ፦ ከሳሎን ልኬት እስከ ሻተር ፍተሻ

ያገለገለ ካሜራ ሊገዛ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሜጋ ፒክስሉ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ለቤተሰብ ፎቶ ጥያቄው ብዙም አይጠቅምም። በ2011 የወጣው ካነን 600ዲ 18 ሜጋ ፒክስል አለው፤ 30 በ45 ሳንቲ ሜትር አሳጥቦ ግድግዳ ላይ ለመስቀል በቂ ነው። የቤት ፎቶ የሚበላሸው በሌላ ምክንያት ነው፦ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ፣ ልጅ እየሮጠ፣ ሰዉ ቡና ዙሪያ ተጠጋግቶ ተቀምጦ ሲነሳ። ይህን የሚፈታው ሌንሱ ነው። ስለዚህ ቦዲው (ሌንስ የሌለበት ካሜራው ራሱ) ከያዛችሁት ብር ከግማሽ በላይ አይውሰድ፤ የቀረው ለሌንስ፣ ለባትሪ፣ ለካርድና ለፍላሽ ይቆይ።

አብዛኛው ፎቷችሁ በቀን፣ ደጅ፣ ዝም ብለው የቆሙ ሰዎች ከሆኑ ግን ጥሩ ስልክ ይበቃችኋል፤ ብራችሁን አታውጡ። ካሜራ ዋጋውን የሚያወጣው ቤት ውስጥ ሲመሽ፣ የማያርፍ ልጅ ሲኖር፣ ወይም የምረቃ መድረክን ከኋላ ወንበር ማንሳት ሲያስፈልግ ነው።

መጀመሪያ ሳሎኑን ለኩ

ሜትር ያዙና ፎቶ አንሺው ሊቆም ከሚችልበት ግድግዳ እስከ ሶፋው ድረስ ያለውን ርቀት ለኩ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር አካባቢ ነው። ተራ ዲኤስኤልአሮች (ሌንሳቸው የሚቀያየር ካሜራዎች) ያላቸው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚፈጥረው ክፍል (ክሮፕ የሚባለው)፣ ካነን ላይ ወደ 22.3፣ ኒከንና ሶኒ ላይ ወደ 23.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የሴንሰሩን ስፋት ለሌንሱ ሚሊ ሜትር (ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር) አካፍላችሁ በርቀቱ ስታባዙት ፎቶው ውስጥ የሚገባውን ስፋት ታገኛላችሁ። በ3 ሜትር ርቀት ካነን ላይ በ18 ሚሊ ሜትር 3.7 ሜትር፣ በ24 ሚሊ ሜትር 2.8 ሜትር፣ በ35 ሚሊ ሜትር 1.9 ሜትር፣ በ50 ሚሊ ሜትር 1.3 ሜትር ብቻ ይገባል።

ሁሉም ሰው «50 ኤፍ 1.8 ግዛ» የሚለው ምክር (50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማለት ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ መክፈቻ ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል) እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ሌንሱ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የአንድን ልጅ ፊት አሳምሮ ያነሳል። ሶፋ ላይ አምስት ሆነው የተቀመጡ ሰዎችን ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ቢነካም አታስገቧቸውም። ለቤት ውስጥ የሚመቹት እነዚህ ናቸው፦ ለኒከን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ጂ (ዲኤክስ የሚል የተጻፈበት፣ በ2009 የወጣ)፣ ለካነን ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም፣ ለሁለቱም የሚገኘው ሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ኪት ሌንስ መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ ብርሃን ነው። 35 ሚሊ ሜትር ላይ ስታደርጉት መክፈቻው ከኤፍ 4.5 አካባቢ በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 ከዚያ ስድስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በኪት ሌንስ የሻተሩ (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያሳልፈው መጋረጃ) ፍጥነት 1/20 ሰከንድ እንዲሆን የሚጠይቅ ክፍል በ35ቱ ሌንስ በ1/125 ይነሳል። በ1/20 የተነሳ ልጅ እጁ ጭስ ይመስላል፤ ለተቀመጠ ልጅ 1/125፣ ለሚጫወት 1/250፣ ለሚሮጥ 1/500 ያስፈልጋል። ኪቱን ለቡድን ፎቶና ለደጅ አስቀሩት፤ ሲመሽ ሌላኛውን ግጠሙ።

የትኛው ቦዲ?

ካነን 600ዲ እና 700ዲ፣ ኒከን ዲ3300 እና ዲ5300 በብዛት ይገኛሉ፤ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። ቪዲዮ የምትወዱ ከሆነ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ 600ዲ ቪዲዮ እየቀረጸ ፎከሱን በራሱ አይከታተልም። በ2013 የወጣው 70ዲ እና በ2017 የወጣው 200ዲ ግን እየዳኸ ወደ እናንተ የሚመጣን ሕፃን ጥሩ አድርገው ይከተላሉ። የልጅ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ቤተሰብ የእኛ ምርጫ 200ዲ ነው፤ ቀላል ነው፣ ስክሪኑም ይዞራል።

ኒከን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የዲ3000ዎቹና የዲ5000ዎቹ ተከታታይ ቦዲዎች የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መሆን አለበት። ርካሹን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ዲ ገዝታችሁ ዲ3300 ላይ ብትገጥሙት ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲስ ሌንሶች ደግሞ ዲ3200 እና ዲ5100 ላይ ፎከስ አያደርጉም። ዲ7100 እና ዲ7200 የራሳቸው ሞተር አላቸውና የድሮውንም ሌንስ ያሠራሉ።

ሶኒ ኤ6000 ትንሽና ፈጣን ነው፤ ግን በአንድ ቻርጅ ወደ 360 ፎቶ ገደማ ነው የሚያነሳው፤ ዲ3300 ወደ 700 ይደርሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለምትኖሩ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ኤ6000 ከገዛችሁ ሁለት ተጨማሪ ባትሪ አብራችሁ አስቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሶኒ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ስለሚሆን ቋንቋውን ሳትቀይሩ፣ እንግሊዝኛ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ማለትም ሴንሰሩ ከክሮፕ የሚበልጥ (6ዲ፣ 5ዲ ማርክ 2 እና 3፣ ዲ600፣ ዲ750) በርካሽ ስታገኙ ቶሎ አትጓጉ። ብዙዎቹ ከሰርግ ሥራ ወይም ከኪራይ የመጡ ናቸው፤ ለክሮፕ የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች አይገጥሙላቸውም፤ የራሳቸው ሌንስ ደግሞ ውድና ከባድ ነው። ከዲ600 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ራቁ፤ ሴንሰሩ ላይ የዘይትና የአቧራ ነጠብጣብ በመርጨት የታወቀ ነው፤ ኩባንያው በ2013 በዲ610 ተክቶታል።

ማስታወቂያውን ማንበብ

በቴሌግራም ቻናልና በሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ከሚወጡት ካሜራዎች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ የገቡ ናቸው። ካነን አንዱን ካሜራ በየአገሩ በተለያየ ስም ይሸጣል፤ ስሙን የማያውቅ ገዢ እዚህ ጋ ይሸወዳል። 600ዲ አሜሪካ ውስጥ ሬብል ቲ3አይ፣ ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ5 ነው። 700ዲ ሬብል ቲ5አይ ሲሆን፣ «አይ» የሌለው ሬብል ቲ5 ግን 1200ዲ ነው፤ ዝቅ ያለ ካሜራ። ሬብል ቲ6አይ 24 ሜጋ ፒክስል ያለው 750ዲ ነው፤ ሬብል ቲ6 ደግሞ 18 ሜጋ ፒክስል ያለው 1300ዲ። በአንዲት ፊደል የዋጋው ልዩነት ብዙ ነው፤ ደላላው በስልክ ሲናገርም «አይ»ዋ በቀላሉ ትጠፋለች። የካሜራውን ፊት ለፊት በቅርብ የተነሳ ፎቶ አስልኩ።

ለርካሽ ፍላሽ ካሰባችሁ ሌላም አለ፦ 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ ከላይ ያለው የፍላሽ መግጠሚያ ላይ መሃለኛዋ የብረት ነጥብ የላቸውም። እንደ ዮንግኑ 560 ያሉ ርካሽ ፍላሾች እነዚህ ላይ አይሠሩም።

ሳትሄዱ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦ በቅርብ የተነሳ፣ ያልተስተካከለ አንድ ጄፔግ (የፎቶ ፋይል) በቴሌግራም እንደ «ፋይል» እንዲልክላችሁ (እንደ ፎቶ ከላከው ውስጡ ያለው መረጃ ይጠፋል)፤ የታችኛው ሲሪያል ቁጥር፤ የራሱ ባትሪና ቻርጀር መኖሩ፤ ተፈቶ ተጠግኖ ያውቅ እንደሆነ። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር 220 ቮልት ያቃጥለዋል ብላችሁ አትስጉ፤ የካሜራ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት

የራሳችሁ 16 ወይም 32 ጊጋ ባይት ኤስዲ ካርድ፣ የስልክ ባትሪ ብርሃን፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ የጋዜጣ ገጽ፣ ከተቻለ ላፕቶፕ። ላፕቶፕ ከሌለ ስልክ ላይ የሚሰካ ካርድ ማንበቢያ ይበቃል። በቀን፣ መስኮት አጠገብ ተገናኙ። ሙሉ ፍተሻው ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ «ቸኩያለሁ፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ለሚል ሻጭ መልካም ቀን ተመኝታችሁ ተመለሱ።

ፍተሻው

1. ከውጭ ጀምሩ። የተላጠ ቀለምና የለሰለሰ ጎማ ዕድሜን እንጂ ብልሽትን አያሳይም። ወደ ላይ የተነፋ ወይም የተላቀቀ ጎማም በሙጫ ይመለሳል። የምትፈሩት ሌላ ነው፦ ጥርሳቸው የተበላ ብሎኖች (ተከፍቷል)፣ ማዕዘን ላይ ጠለቅ ያለ ስብራት (ወድቋል)፣ የባትሪ ቤት ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት (ውሃ ገብቶታል)። ውሃ የገባው ካሜራ ዛሬ ቢሠራም አትግዙት።

2. የራሳችሁን ካርድ አስገቡና ፎርማት አድርጉ። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ ቁጥር የሚቀይረውን ተሽከርካሪ ጎማ (ዳያል) አንድ በአንድ አዙሩ። ቁጥሩ እየዘለለ ወይም ወደኋላ እየተመለሰ ከሄደ ጎማው አልቋል። የሚዞር ስክሪን ካለው ቀስ እያላችሁ እስከ ጥግ አዙሩት፤ መሃል ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ኬብሉ ሊበጠስ ነው። በቪውፋይንደር (ዓይን በሚጠጋበት ትንሽ መስኮት) ስታዩ ከደበዘዘ አትደንግጡ፤ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ጎማ ለዓይናችሁ አስተካክሉ። እዚያ ውስጥ የምታዩት አቧራም ፎቶ ላይ አይወጣም።

3. ሴንሰሩን እዩ። ሞዱን ካነን ላይ ኤቪ፣ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤ (መክፈቻውን እናንተ የምትመርጡበት) አድርጉ፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 22። ፎከሱን በእጅ አድርጋችሁ ሆን ብላችሁ አደብዝዙትና ነጩን ወረቀት በቅርብ አንሱ። ሻተሩ ረጅም ጊዜ ቢወስድና እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም፤ የሴንሰር ቆሻሻ ከካሜራው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ቦታውን አይለቅም። ፎቶውን አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ሂዱበት። ዳር ዳሩ የደበዘዘ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፤ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ያነሳዋል። ቀጭን፣ ሹል መስመር ካያችሁ ግን ጭረት ነው፤ አይወጣም። አፋችሁን አስጠግታችሁ «እፍ» አትበሉበት፤ ምራቅ ከአቧራ ይከፋል።

4. ሻተሩን ፈትኑ። ወደ ሰማይ ወይም ወደ ብሩህ ግድግዳ አዙራችሁ በ1/4000፣ በ1/1000፣ በ1/125 እና በ1 ሰከንድ አንሱ። በ1/4000 የተነሳው ላይ በአንድ በኩል ጥቁር ባንድ ወይም ጥላ ከታየ የሻተሩ መጋረጃ ደክሟል። ቀጥሎ ያለማቋረጥ 20 ፎቶ ተኩሱ። ካነን ላይ «ኤረር 30» ከመጣ ሻተሩ ራሱ ተበላሽቷል፤ ተነሡ።

5. ስንት ጊዜ እንደተነሳበት እወቁ። የፎቶው የፋይል ቁጥር መረጃ አይደለም፤ 9999 ሲደርስ ከ0001 ይጀምራል። «ገና 3,400 ነው ያነሳሁበት» ብሎ የፋይል ስም የሚያሳይ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። ኒከን ቁጥሩን ጄፔጉ ውስጥ ይጽፈዋል፤ የፎቶ መረጃ አንባቢ ፕሮግራም ላይ ስትከፍቱት «ሻተር ካውንት» ይላል። ካነን በተራ ሞዴሎቹ ፎቶው ውስጥ አይጽፍም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ በፕሮግራም ማንበብ ይቻላል፣ በሁሉም ሞዴል ላይ ግን አይደለም። ዲ3300 እና 6ዲ ለ100,000፣ ዲ7100 እና 5ዲ ማርክ 3 ለ150,000 ጊዜ የተፈተኑ ናቸው። ከ30,000 በታች ለቤት ካሜራ እንደ አዲስ ቁጠሩት፤ እስከ 70,000 ዋጋው ዝቅ ካለ ምንም አይደለም። ይህ ቁጥር የቪዲዮ ሰዓትን እንደማይቆጥር ግን አትርሱ፤ የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ የከረመ 5ዲ ትንሽ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

6. ሌንሱን በብርሃን እዩት። የፊትና የኋላ ክዳኑን አንሡ፤ የስልኩን መብራት ከአንድ ወገን አስገብታችሁ ከሌላው ወገን አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት የሌለው አሮጌ ሌንስ አታገኙም፤ ፎቶም አያበላሽም። የሸረሪት ድር የሚመስል፣ ከዳር ወደ መሃል የተዘረጋ ነጭ ክር ሻጋታ ነው። መስታወቱን ይበላል፣ አብሮት ቦርሳ ውስጥ ወዳለ ሌንስም ይዛመታል፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ሌንሱን ስትነቀንቁት ውስጡ «ኳ ኳ» ካለና የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ሲጠፋ የሚላላው ክፍል ነው።

የካነን 18-55 ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ብልሽት አለ፦ የአፐርቸሩ (የመክፈቻው) ኬብል ይሰበራል። ሰፊ በሆነ መክፈቻ ሲነሳ ፍጹም ይሠራል፤ ኤፍ 11 ስታደርጉት «ኤረር 01» ይላል። ስለዚህ በ18ም በ55ም ኤፍ 11 ላይ ሁለት ሁለት ፎቶ አንሱ። ስህተቱ ከመጣ መጀመሪያ የሌንሱን የወርቅ ቀለም ነጥቦች በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጠርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ስህተቱ ከተመለሰ ሌንሱን ከዋጋው አስወጡትና ለቦዲው ብቻ ተደራደሩ።

7. ፎከስ። ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ፤ ከ1 ሜትር ገደማ አግድም አዘንብላችሁ፣ መክፈቻውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ በመሃለኛዋ ነጥብ አንድ መስመር ላይ ፎከስ አድርጉ። አንዴ በቪውፋይንደር፣ አንዴ በስክሪኑ አንሱ። በስክሪኑ ያነሳችሁት የመረጣችሁት መስመር ላይ ጥርት ብሎ፣ በቪውፋይንደሩ ያነሳችሁት ግን ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለ መስመር ላይ ከጠራ የፎከስ መለኪያው ተዛብቷል። 70ዲ፣ 80ዲ እና 6ዲ ይህን ከሜኑ ማስተካከል ይቻላል፤ 600ዲ እና 700ዲ አይቻልም።

8. ፍላሹን ሦስት ጊዜ አብሩት፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና ድምፁን አዳምጡ። ባትሪው የዋናው ኩባንያ መሆኑንና ያበጠ አለመሆኑን እዩ፤ ያበጠ ባትሪ ከቤቱ ሲወጣ ይጣበቃል። ቁጥሩን መዝግቡ፤ ተጨማሪ ስትገዙ ያስፈልጋችኋል (600ዲ እና 700ዲ ኤልፒ-ኢ8፣ 70ዲ እና 6ዲ ኤልፒ-ኢ6፣ 200ዲ ኤልፒ-ኢ17፣ ዲ3300 ኢኤን-ኢኤል14)።

9. የማን ነው? ካነን ሜኑ ውስጥ «ኮፒራይት» የሚል ቦታ አለ፤ የቀድሞ ባለቤት ስሙን ጽፎበት ሊሆን ይችላል። ስሙ ከሻጩ የተለየ ከሆነ ከማን እንደገዛው ጠይቁ። የታች ሲሪያል ቁጥሩ ቀድሞ ከተላከላችሁና ጄፔጉ ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። የሚመልሰው ካጣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ሲደራደሩ

ያገኛችሁትን እንከን በዝምታ መዝግባችሁ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ አቅርቡ፤ በየደቂቃው ማጣጣል ሻጩን ያስቆጣዋል እንጂ ዋጋ አያወርድም። የደከመ ባትሪ፣ የሴንሰር አቧራ፣ የተላጠ ጎማ፣ የጠፋ የሌንስ ክዳን ዋጋ ያስቀንሳሉ። ውሃ፣ ሻጋታ፣ የሴንሰር ጭረት፣ የሻተር ስህተት ግን ለድርድር አይቀርቡም፤ ጥገናው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቀብድ ሳታዩ አትላኩ። ስትከፍሉ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፤ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ቀኑና የሦስት ቀን የመመለሻ ስምምነት የሰፈረበት አጭር ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ካሜራውን አታሳርፉት፤ 300 ፎቶ አንሱ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ቪዲዮ ቅረጹ።

ካርዱ

ካርድ ላይ የሚደረግ ቁጠባ በልደት ቀን ነው የሚያስከፍለው። 128 ጊጋ ባይት ተብሎ የተሸጠ ሐሰተኛ ካርድ በእውነት 8 ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የገባው ፎቶ ስሙ ይታያል፣ አይከፈትም። አዲስ ካርድ ስትገዙ ከኮምፒውተር እስከ አፉ ሙሉትና ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ይህን በራሱ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራምም አለ። ለቤት ሁለት ባለ 32 ከአንድ ባለ 128 ይሻላሉ።

ቤት ስትገቡ

ሜኑውን ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት መልሱት፤ የቀድሞ ባለቤት የለወጠውን አታውቁምና። ካሜራው ከአሜሪካ ከመጣ የቪዲዮውን ሥርዓት ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይሩ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ካልቀየራችሁ በአምፖል ብርሃን የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ የሚንሸራተት መስመር ይታያል። ፎቶ ላይም ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሥር በፈጣን ሻተር ስታነሱ አንዱ ፎቶ ጨለም፣ ቀጣዩ ብሩህ ይሆናል፤ ካሜራው አልተበላሸም፣ ወደ 1/100 ውረዱ።

ለቤት ውስጥ፦ ሞዱ ኤቪ ወይም ኤ፣ መክፈቻው ለአንድ ልጅ ኤፍ 2፣ ለሁለት ረድፍ ሰው ኤፍ 4፣ አይኤስኦው አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200። ሻተሩ ከ1/125 ከወረደ አምፖል ጨምሩ ወይም ፍላሽ ግጠሙና ጭንቅላቱን ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙሩት፤ ፊት ለፊት የተተኮሰ ፍላሽ የሰውን ግንባር ያብረቀርቃል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል።

የሀበሻ ልብስ ላይ ደግሞ ካሜራው ይሳሳታል። ነጠላና ቀሚስ ፎቶውን ሲሞሉት ነጩን አይቶ ያጨልመዋል፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ወደ +0.7 ወይም +1 ውሰዱት፤ ፎቶውን አጉልታችሁ የፊቱን ዝርዝር ተመልከቱ፣ የጥለቱ ክር አሁንም የሚለይ ከሆነ ልኩ ላይ ናችሁ።

በክረምት ካሜራውን የቆዳ ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ የሚያድገውም እንዲህ ባለ ጨለማ ቦታ ነው። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ውስጥ ከጫማና ከመድኃኒት ጋር የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አምስት ስድስት ያህል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ብዙ ካልተጠቀማችሁበት ባትሪውን አውጡ፤ በወር አንድ ጊዜም አውጥታችሁ የሌንሱን ክዳን ከፍታችሁ በቀን ብርሃን ጥቂት ፎቶ አንሱበት።